ዞምቢዎችና የአባቴ እሺታ

በእስራኤል፣ በቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ነው የምውለው። በማዳመጫው ውስጥ የሴት ድምፅ አለች። የመደዳውንና የመደርደሪያውን ቁጥር ትነግረኛለች፤ እሄዳለሁ፤ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ሌላ ቁጥር አነብላታለሁ፤ ትክክል ከሆነ ስንት ካርቶን እንደማነሣ ትነግረኛለች። ካልመለስኩላት ዝም ብላ ትጠብቃለች። ተቆጥታ አታውቅም። ሁላችንም እንዲሁ ስለምንሠራ፣ ከላይ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ለሚያየን፣ እርስ በርሱ የማይነጋገር፣ ለራሱ ቁጥር እያጉረመረመ የሚሄድ ሕዝብ ነው የምንመስለው።

የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዱ ሁለት ሰዎች አሉ። በፖለቲካ አይስማሙም፤ ግን በዕረፍት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ፣ ማታ ማታም አንድ ዓይነት ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ፊልሙ ስለ ዞምቢዎች ነው፤ ከሞቱ በኋላ ተነሥተው ስለሚሄዱ፣ ሰው እየነከሱ እንደ ራሳቸው ስለሚያደርጉ ሬሳዎች። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ስበላ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«አየህ ትናንት? አጥሩን ሲገፉት?»

«አየሁ። የናንተን ሰልፍ መስሎኝ ነበር።»

«የኛን? እኛማ አጥሩ ውስጥ ነን፣ ሐቢቢ። ውጭ ሆናችሁ የምትገፉት እናንተ ናችሁ።»

«አንተ ውስጥ ከሆንክ እኔ የት ነኝ?»

«አንተ? ከተነከስክ ቆይተሃል። አልነገሩህም እንጂ።»

ሳቁ፤ ተነሥተው ወደ መኪኖቻቸው ሄዱ። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣልኝም። አንድ ፊልም ያያሉ፤ ሁለቱም አጥሩ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ውጭ ያለው ማን ነው?

ከውትድርና ከወጣሁ ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማውቀው ነገር ካለ ያነበብኩት ነው፤ ያነበብኩትም አብዛኛው በያቭኔ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ የሚገዛ፣ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ስለ ጭራቅና ስለ ደም መጣጭ የሚያወራ ነው። ባለሱቁ ለብቻ በሣጥን ያስቀምጥልኛል። ከዚያ የምሳ ጨዋታ በኋላ እነዚያን መጻሕፍት እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ። አሁን የምፈልገው ጭራቁን አልነበረም፤ ተከታዩን ነበር። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ተከታይ አለ። ዞምቢዎቹ መሪ የላቸውም፤ ድምፅ ወደሰሙበት ይሄዳሉ እንጂ ማን እንደጠራቸው አይጠይቁም። ደም መጣጩ ጌታ ግን ሁልጊዜ አንድ ያልተነከሰ አሽከር አለው፤ በር የሚከፍትለት፣ የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከምለት፣ አንድ ቀን እኔንም ይነክሰኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ። በጣም የሚያስፈሩኝ ግን የሚሰረቁት ናቸው። አንድ ጠዋት ጎረቤትህ ያው ጎረቤትህ ነው፤ ድምፁም፣ ልብሱም፣ የሻይ ብርጭቆ አያያዙም አልተለወጠም፤ ውስጡ ግን ሌላ ገብቷል። በእነዚህ መጻሕፍት ማንም ጭራቅ ጭራቅነቱን አያውቅም፤ አንባቢውም አንድ ጊዜ እንኳ አይነከስም። ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ፣ ጌዴራ ውስጥ የወጣቶች ክበብ የምታስተባብር ሴት ሰማችና መጥቼ እንድናገር ጠየቀችኝ። የየከተማው ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ርእሱን ወደደችው። እሺ አልኳት።

ለዚያ ንግግር እየተዘጋጀሁ ሳለሁ ነው ሽማግሌዎቹ ቤታችን የመጡት።

ቤታችን ቂርያት ማላኪ ነው፤ ከአራት ፎቅ ሕንፃዎቹ በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊት የቆሙት የእናቴ አጎት ናቸው፤ ያቭኔ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እንዲህ ለብሶ፣ ሦስት ሆኖ፣ ሳይደውል የሚመጣ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ በኛ ቤት የማያውቅ የለም። ልጅ ሊጠይቅ ነው።

እኅቴ ወጥ ቤት ነበረች። ከበሩ ጀርባ እጄን ያዘችው።

«ማን ልኮ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ አታውቂም?»

ከአሽቀሎን አንድ ልጅ ትወዳለች፤ ለእናቴ ብቻ ነግራታለች። ወዲያው ስልኳን አወጣችና «ሽማግሌ ልከሃል እንዴ?» ብላ ጻፈችለት። ልጁ የመለሰላት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር፣ ብዙ የጥያቄ ምልክት። እማየ ግን ፊቷ በርቶ ዳቦ መቁረስ ጀምራ ነበር።

አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር! ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ የያቭኔው ሽማግሌ።

«ምነው አባባ? በሰላም?»

«በሰላም ነው። ጉዳይ ይዘን ነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«ምን እንደሆነ ሳልሰማ?»

«ሰምቶማ ማንም እሺ ይላል። ያከበርከን ሳትሰማ እሺ ያልከን እንደሆነ ነው።»

አባቴ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየ። እርሱም እንደኛው ነው የመሰለው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ የሚል ሰው በኛ ዘንድ የለም፤ ቢኖርም ስሙ አይነሣም። ደግሞ አባቴ ራሱ ሽማግሌ ነው። የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ ወንድማማች የሚያስማማ እርሱ ነው። ዕድሜውን በፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ያየውን ሁሉ ማስተካከል ነው፤ ብርጭቆ፣ ጫማ፣ ወረቀት፣ ሁሉም ጠርዙ ከጠርዙ እስኪገጥም እጁ አያርፍም። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ ቃሉ ብቻ ነው ያለው። አንድን ባል «ቃል ሰጥተህ አልነበረም ወይ?» ሲለው፣ ባልየው «አንተስ?» ሊለው አለመቻሉ፣ ያ ነው ሀብቱ።

«እንግዲህ እናንተን አቁሜ የት እደርሳለሁ» አለ አባቴ። «እሺ።»

ተቀመጡ። ዳቦው መጣ። ተመርቆ ተበላ። ከዚያ የያቭኔው ሽማግሌ ለከተማው ከንቲባነት የሚወዳደረውን አንድ ሰው ስም ጠሩ፤ የዚህ ቤት ድምፅ ሁሉ ለእርሱ እንዲሆን ነው የመጣነው አሉ።

ከወጥ ቤት ሳህን ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የእኅቴ ሳቅ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች አስተካከለ። እኅቴ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባየ፣ እኔን የሸጥከኝ መስሎኝ ልቤ ሊወጣ ነበር። ለካ ድምፄን ብቻ ነው!»

«ዝም በይ።»

«ቢያንስ ለእኔ ጥሎሽ ትጠይቅ ነበር።»

እማየ ተቆርሶ የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ሸፈነችው። እርሷ ያዘነችው ለቀረባት ሠርግ ነበር።

«እኔ እሺ አላልኩም» አልኩት።

«እኔ ብያለሁ።»

«አንተ ራስህ እኮ ይህን ሰውዬ አትወደውም። እጅህን ጨብጦ በትከሻህ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ይፈልጋል ያልከው አንተ ነህ።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ቃል ነው።»

ነገሩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር፤ ለመናገር ቀላል፣ ለመኖር ከባድ። የእያንዳንዱ የድምፅ መስጫ ሳጥን ውጤት ለብቻው ይወጣል፤ የኛ ሕንፃዎች ሰው ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት ነው የሚመርጠው፤ በሠፈራችን ደግሞ ማን ለማን እንደሰጠ የማይገመት ቤት የለም። እኔ እንደፈቀድኩ ብመርጥ የአባቴ ቃል ይሰበራል። እርሱ እንዳለው ብመርጥ፣ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ እሺ ብዬ ሰጠሁ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ የተወዳዳሪው ፎቶ ያለበት ማግኔት ትተው ነበር የሄዱት። እማየ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ጠማማ ነበር። በማግሥቱ ሳየው ቀጥ ብሏል። አባቴ ነው ያስተካከለው። ያስተካከለው ጠማማ ነገር ማየት ስለማይችል ይሁን ወይም ሰውየውን ስለተቀበለው ላውቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን እንደ መጽሐፎቹ ሰው መመርመር ጀመርኩ፤ የንክሻ ምልክት እንደሚፈልግ ሰው። ዜና ሲያይ ፊቱን አያለሁ። ከጎረቤት ጋር ሲያወራ ጆሮዬን አቀናለሁ። አንድ ቀን በደረጃው ላይ ለአንድ ጎረቤት «ሰውየው እኮ መጥፎ አይደለም» ሲል ሰማሁት። ድምፁ የአባቴ ነበር። ቃሉ ግን የሽማግሌዎቹ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አያያዝም አየሁ። ያው ነው።

የጌዴራው ንግግር የደረሰ ዕለት በመኪናው አደረሰኝ። እገባለሁ አላለም፤ ግን መኪናውን አቁሞ ተከተለኝ፤ ከኋላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ልጆቹ ብዙዎቹ ከኔ ያነሱ ናቸው፤ አማርኛው ሲያልቅብኝ በዕብራይስጥ እየቀጠልኩ ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ሬሳዎቹ፣ ስለ አሽከሩ፣ ውስጣቸው ስለተሰረቀ ጎረቤቶች። ተከታይ ማለት፣ አልኩ፣ ሳይሰማ እሺ ያለ ሰው ነው። ይህን ስናገር ወደ በሩ አላየሁም። ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዱ የማይወደውን ፓርቲ ስም ጠርቶ «ዞምቢዎች!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው የእርሱን ፓርቲ ጠርቶ መለሰለት። መጋዘኑ ውስጥ እንዳሉት ሾፌሮች፣ ሁሉም አጥሩ ውስጥ ነበሩ።

የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሬሳዎች እናት የላቸውም?»

«በመጽሐፎቹ ውስጥ አይጠቀስም፣ እማማ።»

«አክስት?»

«የለም።»

«ለቅሷቸውስ? ማን ተቀመጠላቸው?»

«ማንም አልተቀመጠላቸውም።»

«እንግዲህ ያልተለቀሰለት ካልተነሣ ምን ያድርግ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያነበብኩትን ሁሉ በአእምሮዬ መለስ ብዬ አሰስኩት። እውነታቸውን ነው። ከነዚያ ሁሉ ሬሳዎች መካከል የሚፈልገው ዘመድ ያለው አንድም አላገኘሁም። ካለም፣ ዘመዱ የሚመጣው ጭንቅላቱን ሊመታው ብቻ ነው።

ስንመለስ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። አባቴ ከጌዴራ ከወጣን በኋላ ነው የተናገረው።

«አያትህን አገር ቤት ሳለን ጎረቤቶቹ ምን ይሉት እንደነበር ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ፤ ከእርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

«ጅብ» አለ። «ማረሻ ይሠራላቸዋል። ወስደው ያርሱበታል፤ ያ መሬት የሰጠውን እህል ይበሉታል። ሲመሽ ደግሞ ልጃቸውን ‹በቀጥቃጩ ደጅ እንዳታልፍ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ይበላሃል› ይላሉ። አንድ ጎረቤት ነበረን። ክፉ ሰው አልነበረም። በበዓል ማር ይልክልናል። አባቴ ሲታመም በቅሎውን ሰጥቶናል። ግን ጅብ መሆናችንን አይጠራጠርም ነበር። ማሩን ሲሰጠን እንኳ ዓይናችንን አያይም።»

«እኔ ስለኛ አልተናገርኩም፣ አባየ። ስለሚከተሉት ነው።»

«እሺ ስል አላየኸኝም?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ ስለኔ ነው የተናገርከው።»

እስከ ማስሚያ የመንገድ መገናኛ ድረስ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ አየ። እኔ ግን አንድ ነገር ነበር የማስበው፤ ያሰብኩትንም ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። ይህን ታሪክ ለምን ዛሬ ነገረኝ? ልጅ ሆኜ ስጠይቀው «ተወው» ይል የነበረ ሰው፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ድምፄን ሲፈልግ ለምን ነገረኝ? ታሪኩ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ጥርጣሬዬን አላጠፋውም። በሰዓቱ የተነገረ እውነተኛ ታሪክም እንደ ቆመ ሽማግሌ ነው፤ እምቢ አይባልም።

አንድ የማይገጥም ነገር ነበር። የያቭኔው ሽማግሌ ያቭኔ ነው የሚኖሩት። ቂርያት ማላኪ ውስጥ ድምፅ የላቸውም። የራሳቸው ከተማ ባልሆነ ምርጫ ያን ሁሉ መንገድ ጋቢ ለብሰው የመጡት ለምንድነው? አንድ ነገር ተሰጥቷቸው መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። አርብ ጠዋት ሥራ ስለሌለኝ አውቶቡስ ይዤ በጋን ያቭኔ በኩል ወደ ያቭኔ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳለሁ ምን እንደማደርግ ቆረጥኩ። ለሽማግሌ የተሰጠን ቃል የሚመልሰው የተቀበለው ሽማግሌ ነው። ሰጪው መልሱልኝ አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው መጠየቅ አለበት።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ሽማግሌው ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ሁለት ክፍል ናት ቤቲቱ። የተሰጠ ነገር ፈለግሁ፤ አዲስ ቴሌቪዥን፣ አዲስ ሶፋ። ሶፋው መሐሉ ጎድጉዶ በካርቶን የተደገፈ ነበር።

«ግባ ልጄ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም፣ አባባ።»

«ምን ሆንክ? ቁርጥማት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ጉዳይ ይዤ ነው። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ራሱን የላከ ሽማግሌ የት አይተሃል? ጢም እንኳ የለህም!»

«ሳይሰሙ እሺ ይበሉኝ። ያከበሩኝ ሳይሰሙ እንደሆነ ነው።»

ልጃቸው ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አባየ፣ ያዘህ! ቤሰደር፣ እሺ በለውና ይቀመጥ።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ሻይ አፍዪ» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ዓይንህ ቤቱን ሲዞር አይቼዋለሁ። ምን ትፈልጋለህ? የተከፈለኝን?»

አፈርኩ፤ ግን ጠየቅኋቸው። «እርስዎ እኮ እዚያ አይመርጡም። ለምን መጡ?»

«ለዚህ ነው ፊት ያቆሙኝ። ለራሱ ብሎ ነው እንዳይባል።» ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉት። «ባለፈው እኅቴ ስትሞት መጥተህ ነበር?»

መጥቼ ነበር። ለቅሶው እኛው ሠፈር፣ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የመኪና ማቆሚያ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቤት ስለማይበቃው ላስቲክ ተወጥሮ ነበር። ዝናቡ ላስቲኩን አጎበጠው፤ ውሃው እዛው በሴቶቹ ላይ ፈሰሰ። አንድ ጎረቤት መኪናውን ማስወጣት ስለፈለገ ሰዎች ከነወንበራቸው ተነሥተው ቆመውለት ነበር፤ እኒህ ሽማግሌም ተነሥተው ነበር።

«ተወዳዳሪው ጣራ ያለው የለቅሶ ቤት እሠራላችኋለሁ አለ» አሉ። «ድምፃችሁን በአንድ ላይ ካመጣችሁልኝ።»

«ያለፈው ከንቲባም ብሎ ነበር እኮ።»

«ብሎ ነበር።»

«ከእርሱ በፊት የነበረውም።»

«እርሱም ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ያምኑታል?»

«ማን አምነዋለሁ አለህ?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አላምነውም። ግን ዝናቡም አላቆመም። እኛ ደግሞ አንድ በአንድ ስንሆን ማንም አያየንም። በአንድ ላይ ስንመጣ ቢዋሸን እንኳ እያየን ነው የሚዋሸን።»

ባነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ስለ ተከታይ የተጻፈውን አስታወስኩ፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ እንደማያውቅ። እኒህ ሰው ለምን እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ማን እንደሚዋሻቸውም ያውቃሉ። ግን አባቴን ሳይሰማ እሺ ያሰኙት እርሳቸው ናቸው፤ ይህም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም። ስለዚህ መቆሜን አልተውኩም። ሻዩ መጣ፤ አልነካሁትም። ልጃቸው ልብስ አጥፋ ጨረሰች። ሽማግሌው አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደኔ ያያሉ።

«ኧረ ተቀመጥ! አንገቴን አሳመምከኝ።»

«እሺ ይበሉኝ።»

«እሺ! እሺ ብያለሁ! ያላ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሶፋው ውስጥ ሰጠምኩ።

«ለአባቴ ቃሉን ይመልሱለት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አባትህ መልሱልኝ ብሏል?» አሉ።

«አላለም።»

«እንግዲያስ ያልታሰረ ሰው ነው የምታስፈታው።»

«እሺ ብለውኛል፣ አባባ።»

«ብያለሁ» አሉ። «እኔም እንዳባትህ ነኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት መጡ፤ ለብቻቸው፣ ያለ ጋቢ፣ በጃኬት። ሲገቡ ወዲያው ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው ለመለመን እንዳልመጡ ገባን። «ቃልህን መልሰንልሃል» አሉት አባቴን። «እንደወደድክ ሁን።»

አባቴ መጀመሪያ እርሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ማን ጠየቃችሁ?»

«እግሩ የጠና ሰው» አሉ ሽማግሌው፤ ዳቦም ሳይቀምሱ ወጡ።

እፎይ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ በአንድ መስመር ደረደራቸው።

«አሁን ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለኝ። «ልጁ ሄዶ ለምኖ ቃሉን አስመለሰለት ይላል። ነገ አንድን ባል ‹ቃልህን ጠብቅ› ስለው፣ ‹ልጅህን ላክልኝ፣ ያስመልስልኛል› ይለኛል።»

«ለማትወደው ሰው እንዳትመርጥ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለሁለታችንም።»

«ለራስህ ነው» አለ፤ ግን በቁጣ አልነበረም። ተነሥቶ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ማግኔቱን ከፊት ለፊት አነሣው። ይጥለዋል ብዬ ጠበቅኩ። በፍሪጁ ጎን፣ ከግድግዳው ጋር በሚዋሰነው በኩል ለጠፈው፤ ጠርዙንም አስተካከለ።

ምን ማለት እንደሆነ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

በምርጫው ቀን አብረን ሄድን፣ እርሱና እኔ፤ እማየና እኅቴ ቀድመው መርጠው ነበር። እኅቴ ስትመለስ «እኔ የተጠየቅሁለትን ሰውዬ ትቼ ያልጠየቀኝን መረጥኩ» ብላ ነበር፤ እማየ ግን ማንን እንደመረጠች ስንጠይቃት «መረጥኩ» ብቻ ነው ያለችው። የትምህርት ቤቱ አጥር በፖስተር ተሸፍኗል። በሩ ላይ የዚያ ተወዳዳሪ ፊት የታተመበት ቲሸርት የለበሰ ሰው ቆሟል። አባቴን ሲያይ እጁን በሁለት እጁ ያዘ፤ በዕብራይስጥ አመሰገነው፤ ዓይኑ ግን በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። የተመለሰውን ቃል እንደማያውቅ ገመትኩ። አባቴ «እሺ፣ እሺ» አለው። የትኛው እሺ ነው?

መጀመሪያ እርሱ ገባ። መታወቂያውን ሰጠ፤ ሁለቱን ፖስታዎች ተቀበለ፣ ቢጫውን ለከንቲባው፣ ነጩን ለምክር ቤቱ፤ ከካርቶኑ መከለያ ጀርባ ሄደ። ከጠበቅኩት በላይ ቆየ። ወጥቶ ፖስታዎቹን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ሳያየኝ ወደ ግቢው ወጣ። ቀጥሎ የገባሁት እኔ ነኝ።

ከመከለያው ጀርባ ቢጫዎቹ ወረቀቶች በየተወዳዳሪው ተከምረው ተቀምጠዋል። እኔ ነገር የማየው በዝርዝር ነው፤ አባቴን ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ወረቀት ያነሣበትን ክምር ሳያስተካክል እንደማይተው አውቃለሁ። ስለዚህ ከመምረጤ በፊት ጎንበስ ብዬ ክምሮቹን አየሁ። አንዱ የተስተካከለ ቢሆን፣ ማንን እንደመረጠ አውቅ ነበር።

ሁሉም ተስተካክለው ነበር። ነጮቹም። የማንም ሰው እጅ ያልደረሰባቸው የሚመስሉት የትናንሾቹ ፓርቲዎች ክምሮች እንኳ ጠርዛቸው ከጠርዛቸው ገጥሞ ነበር።

ይህን ያደረገው እጁ ስለማያርፍ ነው? ወይስ እኔ ከኋላው እንደምገባና ጎንበስ ብዬ እንደማይ ስላወቀ ነው? ትንሽ ቆሜ አሰብኩ፤ ከውጭ የሳጥኑ ጠባቂ «አለቀ?» አለ። የመረጥኩትን መረጥኩ። ወረቀቱን ያነሣሁበትን ክምር አስተካከልኩት።

አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ከአንድ ባዶ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጉልበቱን እንደሚያመው አውቃለሁ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ አባየ።»

«አልቀመጥም።»

«ምነው?»

«ጉዳይ አለኝ። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

ፊቱን አየሁ። እየቀለደ ነው ወይስ ከልቡ ነው? መለየት አልቻልኩም። በሩ ላይ ያለው ባለ ቲሸርት ወደኛ እያየ ነበር።

«ሳልሰማ?»

«ሳትሰማ።»

«እሺ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ማንን እንደመረጥክ መቼም እንዳትነግረኝ» አለ። «እኔም አልነግርህም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ማግኔቱ አሁንም ከፍሪጁ ጎን አለ። አንዳንዴ ከሥራ ስገባ፣ ማዳመጫው ከጆሮዬ ከወጣ በኋላ፣ ተጠጋግቼ አየዋለሁ። ቀጥ ብሏል።